በሩ ሲሰፋ መቃኑ እንዳይወፍር፦ በስኬችአፕ መጠኑ የሚስተካከል በር እንዴት ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጀማሪ ነዳፊ

ሰላም ለሁላችሁም። ስኬችአፕ ፕሮ በተባለው የሦስት ልኬት መንደፊያ ፕሮግራም የአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ሞዴል እየሠራሁ ነው። በሕንፃው ውስጥ 46 በሮች ያሉ ሲሆን ስፋታቸው 70፣ 80፣ 90 ወይም 100 ሴንቲሜትር፣ ቁመታቸው ደግሞ 210 ወይም 240 ሴንቲሜትር ነው። ለእያንዳንዱ መጠን የተለየ በር ብሥል ስምንት በር መሣል ይኖርብኛል፤ የመቃኑን ቅርጽ ለመቀየር ባሰብኩ ቁጥርም ስምንት ቦታ ማረም ግድ ይሆናል። ስለዚህ አንድ በር ብቻ ሠርቼ መጠኑን እንደ አስፈላጊነቱ ማስተካከል ፈለግሁ።

በመጀመሪያ ስፋቱ 80፣ ቁመቱ 210 ሴንቲሜትር የሆነ በር ሣልኩ፤ መቃኑን፣ ጉበኑን፣ መዝጊያውንና እጀታውንም በአንድ ኮምፖነንት (እንደ አንድ ዕቃ በሚቀዳና በሚንቀሳቀስ ስብስብ) አጠቃለልኳቸው። ከዚያም በስኬል መሣሪያ ወደ 100 ሴንቲሜትር ስፋት ስስበው 5 ሴንቲሜትር የነበረው መቃን 6.25 ሆነ፤ ክብ የነበረው የእጀታው መደብም ሞላላ ሆነ። ቁመቱን ወደ 240 ስለውጥ ደግሞ ጉበኑ ከመወፈሩም በላይ ከወለሉ 100 ሴንቲሜትር ላይ መቆየት የነበረበት እጀታ ወደ 114 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ አለ። ቀጥሎ በሩን ዳይናሚክ ኮምፖነንት፣ ማለትም መጠኑ በቀመር የሚታዘዝ ኮምፖነንት ለማድረግ የባሕርያት መስኮቱን ከፍቼ የስፋት ባሕርይ ጨመርኩለት፤ ይሁን እንጂ ቁጥሩን ስቀይር የማየው ያንኑ መለጠጥ ነው።

በሩን እንዴት ብከፋፍለው፣ ቀመሮቹንስ የት የት ብጽፋቸው ነው መቃኑ ውፍረቱን፣ እጀታውም ቦታውን ጠብቆ የሚቆየው? በሩ ግድግዳውን በራሱ እንዲቆርጥ ማድረግስ ይቻላል? ለምታደርጉልኝ እገዛ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ሞዴል ሠሪ

ሰላም ጠያቂ። ችግርዎ የሚጀምረው ቀመር ከመጻፍዎ በፊት፣ በሩን ከከፋፈሉበት መንገድ ላይ ነው። ስኬችአፕ አንድን ኮምፖነንት ሲለጥጥ በውስጡ ያለውን መስመርና ገጽ ሁሉ በአንድ ምጣኔ ይለጥጣል። ከዚህ ማምለጥ የሚችለው የራሱ ስም፣ የራሱ ዘንግ (መነሻ ነጥቡንና አቅጣጫውን የሚያሳዩት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መስመሮች) እና የራሱ የመጠን ባሕርይ የተሰጠው ልጅ ኮምፖነንት፣ ማለትም በሌላ ኮምፖነንት ውስጥ ያለ ኮምፖነንት ብቻ ነው። ስለዚህ ግራው መቃን፣ ቀኙ መቃን፣ ጉበኑና መዝጊያው እያንዳንዳቸው በእናቲቱ፣ ማለትም ጠቅላላ በሩን በያዘው ኮምፖነንት ውስጥ የሚኖሩ ልጆች መሆን አለባቸው፤ እጀታው ደግሞ የመዝጊያው ልጅ ይሆናል፤ ምክንያቱም መዝጊያው ሲዞር አብሮ መዞር ይኖርበታል።

ወደ ኮምፒውተሩ ከመሄድዎ በፊት ግን አንድ ነገር በወረቀት ላይ እንዲወስኑ እለምንዎታለሁ። «የበሩ ስፋት» ስንል የምንናገረው ስለ የትኛው ስፋት ነው? ግድግዳው ላይ የሚተወው ክፍተት አንድ ስፋት ነው፤ መቃኑ ውጭ ለውጭ ሲለካ ሌላ ነው፤ መዝጊያው ሦስተኛ፣ በሩ ተከፍቶ ሰው የሚያልፍበት ነጻ ቦታ ደግሞ አራተኛ ነው። ከአራቱ አዛዥ መሆን ያለበት አንዱ ብቻ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ ከእሱ ሊሰሉ ይገባል። በብዙ ሞዴሎች ላይ ያየሁት ስሕተት ሁለቱን ስፋቶች ተጠቃሚው በእጁ እንዲሞላቸው መተው ነው፤ ያን ጊዜ አንዱን ለውጦ ሌላውን የረሳ ሰው መዝጊያው መቃኑ ውስጥ ሰምጦ ያገኘዋል። እኔ ዘወትር አዛዥ የማደርገው የመቃኑን ውጭ ለውጭ ስፋት ነው፤ ምክንያቱም ከግድግዳው ጋር የሚገናኘውም፣ በሥዕል ላይ በቀላሉ የሚለካውም እሱ ነው።

ይህ ከተወሰነ ቀመሮቹ ከመደመርና ከመቀነስ አያልፉም። መቃኑ 5 ሴንቲሜትር፣ በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል በየጎኑ የሚተወው ክፍተት 0.3 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ የመዝጊያው ስፋት = የበሩ ስፋት − (2 × 5) − (2 × 0.3) ይሆናል፤ ለ90 ሴንቲሜትር በር ውጤቱ 79.4 ነው። ቁመቱም እንዲሁ ከጠቅላላው ቁመት ላይ የጉበኑ 5፣ ከላይ የሚተወው 0.3 እና ከወለሉ በላይ የሚተወው 0.8 ሲቀነስ ይገኛል፤ ለ210 በር 203.9 ይሆናል። የቀኙ መቃን አቀማመጥ የበሩ ስፋት ሲቀነስ 5 ነው፤ የጉበኑ ርዝመት የበሩ ስፋት ሲቀነስ 10 ነው። የእጀታው ከፍታ ግን ከምንም ጋር ሳይታሰር ቋሚ ቁጥር ይሰጠዋል፤ መዝጊያው ከወለሉ 0.8 ከፍ ብሎ ስለሚጀምር ከመዝጊያው ግርጌ 99.2 ብለው ይጻፉለት። እነዚህን 5፣ 0.3 እና 0.8 የመሳሰሉ ቁጥሮች በየቀመሩ ውስጥ ከመበተን ይልቅ በእናቲቱ ላይ «የመቃን ስፋት»፣ «የጎን ክፍተት» እያሉ የራሳቸውን ባሕርይ ቢሰጧቸው፣ ነገ መቃኑን 7 ሴንቲሜትር ለማድረግ ሲፈልጉ የሚነኩት አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል።

የልጁ አቀማመጥ የሚለካው ከእናቲቱ መነሻ ነጥብ እስከ ልጁ መነሻ ነጥብ ድረስ ነው። ስለሆነም የእያንዳንዱ ልጅ ዘንግ የት እንደተቀመጠ ማወቅ ከቀመሩ ባልተናነሰ ያስፈልጋል። ለመቃኖቹና ለጉበኑ ዘንጉን ታችኛው ግራ ማዕዘን ላይ ያድርጉት፤ ለመዝጊያው ግን ማጠፊያው ባለበት ጠርዝ ላይ መሆን አለበት፤ ያለዚያ በሩ ሲከፈት በመሐሉ ይሽከረከራል። ዘንጉን ለማዛወር በቀኝ ጠቅታ የሚመጣው ዘንግ መቀየሪያ ትእዛዝ ይበቃል። አንድን ክፍል ኮምፖነንት ካደረጉት በኋላ በስኬል ለጥጠውት ከነበረም፣ ቀመር ከመጻፍዎ በፊት እዚያው ዝርዝር ውስጥ ባለው ትእዛዝ የአሁኑን መጠን ዋና መጠኑ ያድርጉት።

አንዱ ልጅ የእናቱን ባሕርይ የሚጠራው የእናቲቱን ስም፣ ቀጥሎ የቃለ አጋኖ ምልክት (!)፣ ቀጥሎም የባሕርዩን ስም በመጻፍ ነው። ስሞቹ አጭርና ባዶ ቦታ የሌለባቸው ይሁኑ፤ ለጥንቃቄም በላቲን ፊደል ይጻፏቸው። ሁለቱን መቃኖች በአንድ ስም አይሰይሟቸው። የርዝመት መለኪያውንም ልብ ይበሉ፤ እናቲቱ በሴንቲሜትር፣ ልጂቱ በኢንች ከተቀመጡ 5 ሴንቲሜትር ያሉት መቃን 12.7 ሆኖ ይመጣል።

ስለ ግድግዳው መቁረጥ ለጠየቁት፣ በሩን ኮምፖነንት ሲያደርጉ ከገጽ ጋር እንዲጣበቅና ክፍተት እንዲቆርጥ የሚያስችሉትን ሁለት ምርጫዎች ያብሩ። በዚህ ጊዜ ቀዩና አረንጓዴው ዘንግ በግድግዳው ገጽ ላይ ይተኛሉ፤ ሰማያዊው ከግድግዳው ወደ ውጭ ይወጣል። ይህም ማለት ቁመቱ የሚለካው በአረንጓዴው ዘንግ ይሆናል፤ መዝጊያውም የሚዞረው በዚያው ዙሪያ ነው። ይህን አስቀድመው ካልወሰኑ ሁሉንም ቀመር እንደገና ለመጻፍ ይገደዳሉ። ሌላም አለ፤ ግድግዳውን የሚቆርጠው በልጅ ኮምፖነንት ውስጥ ያለ መስመር ሳይሆን በእናቲቱ ውስጥ በቀጥታ የተሣለ መስመር ነው። ስለዚህ በማጣበቂያው ገጽ ላይ የበሩን ዙሪያ የሚከተል አራት ማዕዘን ይሣሉና ገጹን አጥፍተው መስመሮቹን ብቻ ያስቀሩ። ይህ አራት ማዕዘን ከእናቲቱ ጋር መለጠጡ የምንፈልገው ነገር ነው፤ ከእሱ በቀር ሌላ ልቅ መስመር በእናቲቱ ውስጥ አይተዉ።

መልስ፦ የሬቪት ተጠቃሚ

እኔ የምሠራው ሬቪት በተባለው ሌላ የሕንፃ መንደፊያ ፕሮግራም ነው፤ ይሁንና ከዚያ የተማርኩት አካሄድ እዚህም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ልጨምር። በሬቪት የበር ፋሚሊ (መጠኑ የሚቀያየር የበር ሞዴል) ሲሠራ የመጀመሪያው ሥራ እንጨቱን መሣል አይደለም። አስቀድሞ የማይታዩ የማጣቀሻ ገጾች ይዘረጋሉ፤ በመካከላቸው ልኬት ይቀመጣል፤ ልኬቱም «ስፋት» ወይም «ቁመት» ከሚባል ፓራሜትር (በስኬችአፕ ባሕርይ ከምንለው) ጋር ይታሰራል። ፕሮግራሙ የሚሰጠው የበር መነሻ ፋይል ይህን አጽም ይዞ ይመጣል፤ ግራውና ቀኙ ገጽ ከመሐለኛው እኩል እንዲርቁ ተደርገው ታስረዋል። አጽሙ በተለያዩ ቁጥሮች ሲፈተን ሳይሰበር ከቆየ በኋላ ነው መቃንና መዝጊያ የሚለብሰው።

በስኬችአፕ ይህን ለማድረግ የሚመቸው መንገድ ክፍሎቹን በመጀመሪያ እንደ ባዶ ሣጥን መሥራት ይመስለኛል። መቃኑ፣ ጉበኑና መዝጊያው ቅርጽ የሌላቸው ሣጥኖች ሆነው ቀመሮቹ ሁሉ ተጽፈው ይፈተኑ፤ ቅርጹ፣ ፍሬሙና ጌጡ ከዚያ በኋላ በየሣጥኑ ውስጥ ይገባል። ስትፈትኑም 80 ወይም 90 በሚሉ የታወቁ ቁጥሮች ብቻ አትቁሙ። በሩ በተሣለበት መጠን ላይ እያለ ስሕተት ሁሉ ይደበቃል። ስፋቱን 73፣ ቁመቱን 187 አድርጋችሁ እያንዳንዱን ክፍተት በልኬት መሣሪያ ብትለኩት የተረሳው ቀመር ወዲያውኑ ይገለጣል።

ሌላው የሬቪት ትምህርት፣ ፓራሜትር ለዓይነቱ ወይስ ለአንዱ በር ብቻ ይሰጣል የሚለው ጥያቄ ነው። ስፋትና ቁመት የዓይነት ናቸው፤ «90 በ210» የተባለው ዓይነት ሲቀየር የዚያ ዓይነት በሮች ሁሉ አብረው ይቀየራሉ፤ የበር ዝርዝር ሠንጠረዥም ትርጉም የሚኖረው በዚህ ነው። ስኬችአፕ ይህ ልዩነት በራሱ የለውም፤ ስለሆነም ጠያቂው ስምንቱን መጠኖች ከወዲሁ አዘጋጅተው፣ በስም ለይተው፣ ከዚያ እየቀዱ ቢያስገቡ የተሻለ ነው። በየቦታው የገባውን በር አንድ በአንድ እየለጠጡ መሄድ ግን የማልመክረው ነገር ነው።

ጠያቂ፦ ጀማሪ ነዳፊ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሣጥን መጀመሩ ብዙ ድካም አድኖኛል። በ73 ስፋት ስፈትነው ግራው መቃን 5 ሴንቲሜትር መሆን ሲገባው 4.56 ሆኖ አገኘሁት፤ ስመለከተው የቁመት ቀመር ጽፌለት ስፋቱን ባዶ ትቼው ነበር። ቋሚ የሆነ መጠንም ቢሆን መጻፍ እንዳለበት የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ያልተጻፈ ሁሉ ከእናቱ ጋር ይለጠጣል።

አሁን ሁለት ነገር ቀርቶኛል። የመጀመሪያው፣ በሩ የግድግዳውን የውጭ ገጽ ቆርጦ የውስጡን ገጽ ሳይነካ መተዉ ነው። ሁለተኛው የግራና የቀኝ በር ጉዳይ ነው፤ በሩን በመገልበጥ ቀኝ ላደርገው ስሞክር ቀመሮቹ ተዘበራረቁብኝ።

መልስ፦ ሞዴል ሠሪ

የመጀመሪያው የፕሮግራሙ ጠባይ ነው፤ የመቁረጡ ምርጫ የሚሠራው በተጣበቀበት አንድ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ውፍረት ያለው ግድግዳ ሁለት ገጽ ስላለው ሁለተኛውን በእጅ መቁረጥ፣ ወይም በፕለጊን (በፕሮግራሙ ላይ በሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ) መጠቀም፣ ወይም አራት ማዕዘን መስመር ብቻ የያዘ አነስተኛ ቆራጭ ኮምፖነንት በውስጠኛው ገጽ ላይ ማጣበቅ ይቻላል። እኔ ሦስተኛውን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን የበሩ መጠን በተቀየረ ቁጥር ቆራጩም መቀየር እንዳለበት አይዘንጉ።

ለግራና ለቀኝ መገልበጥን ይተዉት። በእናቲቱ ላይ «የማጠፊያ ወገን» እና «የመክፈቻ አንግል» የሚሉ ሁለት ባሕርያት ይጨምሩ፤ ሁለቱም ተጠቃሚው ከዝርዝር የሚመርጣቸው ይሁኑ፤ አንግሉ ለምሳሌ 0፣ 45 እና 90 ይኑረው። የመዝጊያው ዘንግ በማጠፊያው ጠርዝ ላይ፣ በውፍረቱ መሐል እንዲሆን ያድርጉ። ማጠፊያው በግራ ሲሆን የመዝጊያው አቀማመጥ የመቃኑ ስፋት ሲደመር የጎን ክፍተቱ ነው፤ መዞሪያውም አንግሉ ራሱ ነው። ማጠፊያው በቀኝ ሲሆን አቀማመጡ የበሩ ስፋት ሲቀነስ መቃኑ ሲቀነስ ክፍተቱ ይሆናል፤ መዞሪያው ደግሞ 180 ሲቀነስ አንግሉ ነው። መዝጊያው በግማሽ ክብ ዞሮ ከቀኝ ወደ ግራ ይዘረጋል፤ ዘንጉ በውፍረቱ መሐል ስለሆነም ከመቃኑ መስመር አይወጣም፤ እጀታውም ሳይነካ ወደ ተቃራኒው ጫፍ ይሄዳል። በሩ ባልፈለጉት ወገን ከተከፈተ የአንግሉን ምልክት ወደ ተቀናሽ መለወጥ ነው። ይህ መንገድ የሚያስኬደው የመዝጊያው ሁለት ፊት አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው። ፊቶቹ ከተለያዩ ግን የግራና የቀኝ ሁለት መዝጊያ አስገብቶ የማይፈለገውን በመሰወሪያ ባሕርይ መደበቅ ይሻላል፤ የሞዴሉ ክብደት ግን በዚያው መጠን ይጨምራል።

አሁንም በስኬል መሣሪያ መጎተት ከፈለጉ፣ የእናቲቱ ስፋት ከተፈቀዱት መጠኖች ወደ ቅርቡ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። የአሁኑን መጠን የሚያነብ ተግባርና ከተሰጡት ቁጥሮች ቅርቡን የሚመርጥ ተግባር አብረው በአንድ ቀመር ይገባሉ፤ 70፣ 80፣ 90 እና 100 ብለው ከሰጡት 86 ላይ የተለቀቀ በር 90 ሆኖ ይቆማል። አየር ማስገቢያ ዝርግ እንጨቶች ያሉት በር ካለዎት ደግሞ ቁጥራቸውን በቅጂ ባሕርዩ ይወስኑ፤ እዚያ ላይ 10 ብለው ከጻፉ ዋናው ተጨምሮ 11 እንጨት እንደሚመጣ ያስታውሱ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

መልስ፦ የሥዕል ተቆጣጣሪ

ከላይ የተነገረው ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሞዴል ሠሪ ከጠቀሷቸው አራት ስፋቶች አራተኛው ተረስቶ እንዳይቀር ስለሰጋሁ ጻፍኩ። ነጻ ማለፊያው ከመዝጊያው ስፋት ጋር አንድ አይደለም። ለምሳሌ የ2010 የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት መስፈርት ቢያንስ 32 ኢንች፣ ማለትም 815 ሚሊሜትር ነጻ ማለፊያ ይጠይቃል። የሚለካውም በሩ 90 ዲግሪ ተከፍቶ ከመዝጊያው ፊት እስከ ተቃራኒው የመቃን ማረፊያ (መዝጊያው ሲዘጋ የሚያርፍበት ጠርዝ) ድረስ ነው። በዚህ አለካክ የተከፈተው መዝጊያ የራሱን ውፍረት ከማለፊያው ላይ ይወስዳል። መዝጊያው 4፣ የመቃኑ ማረፊያ 1.2 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ውጭ ለውጭ 90 የሆነው በር በመቃኖቹ መካከል 80፣ ለሚያልፈው ሰው ግን በግምት 74.8 ሴንቲሜትር ብቻ ይተዋል፤ እንደ ማጠፊያው አቀማመጥ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። «90» ተብሎ የተጻፈው በር ለተሽከርካሪ ወንበር ይበቃል ብሎ ያሰበ ሰው ስሕተቱን የሚያውቀው መቃኑ ግድግዳው ላይ ከታሰረ በኋላ ነው። ስለዚህ ተጠቃሚው የሚያየው ግን የማይለውጠው «ነጻ ማለፊያ» የሚባል ባሕርይ በእናቲቱ ላይ ቢጨመር፣ አንድ መስመር ቀመር ብቻ የሚጠይቅ ታላቅ ጥቅም ነው።

ስለ ፋይሉ ክብደት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በስኬችአፕ የተለያየ መጠን የተሰጠው ዳይናሚክ ኮምፖነንት ሁሉ የራሱ የተለየ ቅጂ ሆኖ በፋይሉ ውስጥ ይመዘገባል። 46 በሮችን በየተራ ካስተካከሉ 46 ቅጂ ሊፈጠር ይችላል፤ ከተዘጋጁት ስምንት ከቀዱ ግን ስምንቱ ይበቃሉ። በመጨረሻም ጥቅም ላይ ያልዋሉትን ቅጂዎች ከፋይሉ ማጽዳት አይርሱ። የማጠፊያውን ብሎንና የቁልፉን ቀዳዳም አይሣሉ፤ በ1 ለ100 ሥዕል ላይ አይታዩም፤ ሞዴሉን ግን በእጅጉ ያዘገያሉ።

ጠያቂ፦ ጀማሪ ነዳፊ

ሁሉም ሠርቷል። ግራና ቀኙ ያለ መገልበጥ ይቀያየራል፤ ለውስጠኛው ገጽም ቆራጩን ኮምፖነንት ተጠቅሜአለሁ። የ«ነጻ ማለፊያ» ቀመሩን ስጨምር በመሬት ወለል ላይ ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች የመደብኳቸው አራት የመጸዳጃ ቤት በሮች ሁሉም 74.8 አሳዩኝ፤ እኔ 90 በር ይበቃል ብዬ ነበር። ወደ 100 ስቀይራቸው 84.8 ሆኑ፤ መቃኑ ግን 5 ሴንቲሜትር እንደሆነ ቆየ። አንደኛው በር ከሰፋ በኋላ ሲከፈት ከእጅ መታጠቢያው ጋር ስለሚጋጭ የማጠፊያውን ወገን ከግራ ወደ ቀኝ ለወጥኩት።